መልስ የሚጠብቅ ሙሾ

እናቴ ወረኢሉ ውስጥ ስሟ የታወቀ ሙሾ አውራጅ ነበረች። በአገሩ ሰው በሞተ ቁጥር የእኛ በር ይንኳኳል። እሷም መጀመሪያ የምትጠይቀው ሟቹ በምን እንደ ሞተ ሳይሆን ማንን ትቶ እንደ ሄደ ነው። ያገባች እህት አለችው? የተኳረፈው ወንድም አለ? ጠላ ሲጠጣ አጠገቡ የሚቀመጠው ማን ነበር? ይህን ሁሉ ሰብስባ፣ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ትወጣለች። ለቅሶው ቦታ ስትደርስ ዘመድ ወዳጁን አንድ በአንድ በግጥም ትጠራለች። የተጠራ ሰው ወደ መሐል ወጥቶ መመለስ አለበት፤ ግጥም ቢሆንለት በግጥም፣ ባይሆንለት በእንባው። በቦታው ያልተገኘ እንደ ሆነ እኩያው ተነሥቶ «አቤት» ይልለታል። ዝም ማለት ግን የለም። ተጠርቶ ዝም ያለ ሰው ለቅሶው ደረቱ ላይ ይቀርበታል፣ ኋላ ሳል ይሆንበታል ትል ነበር እናቴ። በሰፈራችን የሚያስል ሰው ሁሉ በእሷ ቤት ያልመለሰው ሙሾ ያለበት ነው። የሳንባ ሐኪም ቢሰማት ምን እንደሚላት እንጃ።

ግጥም ማለት ለእኔ ይኸው ነበር፤ ጠሪና መላሽ ያለው ነገር። ባለቤቴን ተከትዬ አስመራ ከገባሁ በኋላ፣ በአብዮት በዓል ቀን ቀበሌው አዳራሽ ሰብስቦ ቴሌቪዥን አሳየን። አንድ ገጣሚ እጁን ጨብጦ ወደ ላይ እየሰበቀ ያነባል፣ ያነባል፤ አዳራሹም ያጨበጭባል። አጠገቤ የተቀመጠችውን ሴት «ማንን ነው የሚጠራው?» ብዬ ጠየቅኋት።

«ሰፊውን ሕዝብ» አለችኝ።

«ታዲያ ለምን አንመልስለትም?»

በክርኗ ጎሸመችኝና «አንቺ ሴትዮ፣ ልታስበይን ነው?» አለች። ወዳጅነታችን የተጀመረው በዚያች ጉሸማ ነው።

ይህች ሴት የጎጃም ልጅ ናት፤ ባሏ ከእኔ ባል ጋር በአንድ ሻለቃ ነበር። አውሮፕላን ማረፊያው አጠገብ ባለው የአስመራ ሰፈር፣ ጎዳይፍ ውስጥ፣ በአንድ ግቢ፣ በቀጭን ግድግዳ ተለያይተን እንኖራለን። እሷ ስታነጥስ «ይማርሽ» የምለው እኔ ነኝ። ቴፕ ነበራት፤ ባሏ ግንባር ሲወርድ ድምፅዋን በካሴት እየቀዳች ትልክለታለች። ዶሮዋ እንቁላል መጣል ማቆሟን ሳይቀር ትነግረዋለች። ቀዩን ቁልፍ ስትጫን ድምፅዋ ሁሉ ይለወጥና የራዲዮ ጋዜጠኛ ትሆናለች፤ እኔ ከግድግዳው ወዲያ ሆኜ በሳቅ እሞታለሁ።

የግቢው ባለቤት አንዲት የአስመራ እናት ነበሩ። ሁላችንም «አደይ» እንላቸዋለን፤ በትግርኛ እናቴ ማለት ነው። ቀጭን፣ ቀጥ ያሉ፣ ለሳቅ የማይቸኩሉ ሴት ናቸው። ልጃቸው አንድ ቀን ትምህርት ቤት ብሎ ወጥቶ አልተመለሰም። ወደ የት እንደ ሄደ ጎዳይፍ ውስጥ የማያውቅ የለም፤ የሚናገርም የለም። የእኔ ባል ደግሞ ግንባር የወረደው ከዚያ ልጅና ከጓደኞቹ ጋር ሊዋጋ ነው። ይህንን እኔም አውቃለሁ፣ እሳቸውም ያውቃሉ። ስለ እሱ ተነጋግረን አናውቅም። የምንነጋገረው ስለ ውኃ ነበር፤ ዛሬ ይመጣል፣ አይመጣም፣ በርሜሉ ሞልቷል፣ አልሞላም። ሁለት ሴቶች ስለ ውኃ ያን ያህል የሚያወሩት ነገር ሊኖር እንደሚችል ያወቅሁት እዚያ ነው።

የእናቴ መርዶ የመጣው ባለቤቴ ግንባር እያለ ነው። መንገዱ አይታለፍም፤ በአውሮፕላን ልሂድ ብል ለእኔ ቢጤ ማን ቦታ ይሰጣል? ጎረቤት ተሰብስቦ አስቀመጠኝ፣ እንጀራውንም ሻሂውንም አመጣልኝ፣ አብሮኝም አለቀሰ፤ እግዜር ይስጣቸው። ነገር ግን እናቴን የሚያውቃት አንድም ሰው በመሐላቸው አልነበረም። ጠሪ አልነበረኝም። ስንት ሰው ጠርታ ያስለቀሰች ሴት ሞታ፣ ልጇ ግድግዳ ተደግፋ አፏን በነጠላ ይዛ ተቀመጠች። ለቅሶው ተነሣ፣ ሰው ወደየቤቱ ገባ፣ እኔም ወደ በርሜሌ ተመለስሁ።

ከወራት በኋላ አንድ የጭነት መኪና ሹፌር በጨርቅ የተጠቀለለ ካሴት አመጣልኝ። የላከው ደሴ የሚያስተምረው ታናሽ ወንድሜ ነው። የቀብሩን ዕለት ሙሾ ቴፑን ጋቢው ውስጥ ደብቆ ቀድቶታል። ሙሾ በካሴት! እንዲህ ያለ ነገር ማንም ሰምቶ አያውቅም፤ ሽማግሌዎቹ ቢያውቁ ወንድሜን ራሱን ያስለቅሱት ነበር። ሹፌሩ ካሴቱን አስጨብጦኝ «ብቻሽን እንዳትሰሚው ብሏል» አለና ሄደ።

ምክሩ መልካም ነበር፤ ከማን ጋር ልስማው? ለቅሶ ከተነሣ በኋላ ሙሾ ማሰማት ሌላ ሞት መጥራት ነው። ባሏ ግንባር ያለ ሴት ቤት ሙሾ ከተሰማ ደግሞ ትርጉሙ አንድ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ ባሌን አንድ ነገር ቢያገኘው፣ እሱን የገደለው ጥይት ሳይሆን የእኔ ካሴት ነው የሚባለው። እኔ ራሴም እንደዚያ ማለቴ አይቀርም ነበር።

ቢሆንም አልቻልሁም። አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ የጎጃሟን ቴፕ ተዋስሁ፤ እሷም ለምን ብላ አልጠየቀችኝም። በሩን ዘግቼ፣ ድምፁን እስከ መጨረሻው ቀንሼ፣ ቴፑን ብርድ ልብስ ውስጥ አስገብቼ ጆሮዬን ደቀንሁ። የምታወርደው ሴት የእናቴ የዕድሜ ልክ ተፎካካሪ ነበረች። እናቴ በሕይወት እያለች «የእሷ ግጥም ቤት አይመታም» እያለች ታማት ነበር። ይኸው መታ። አባቴን ጠራች፣ አባቴ መለሰ። ወንድሜን ጠራች፣ ጋቢው እየተንኮሻኮሸ መለሰ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች፦

አስመራ ያለሽው፣ ከባሕሩ አፋፍ ላይ፣
እናትሽ ስትነሣ፣ አትሸኚያትም ወይ?

አስመራ ከባሕር በላይ ተራራ አናት ላይ ያለ ከተማ ነው፤ ለወረኢሉ ሰው ግን ከዚህ ወዲያ ያለው ሁሉ ባሕር ነው። እኩያዬ የሆነች ሴት «አቤት» ልትልልኝ ስትነሣ ተሰማኝ። አውራጇ አስቆመቻት። «ተዪ! ራሷ ትመልስ፤ ወንድሟ ጋቢ ውስጥ ያለው ነገር ያደርስላታል» አለች። ለካ ቴፑን አይታው ኖሯል! ከዚያ ያ ሁሉ ለቀስተኛ ዝም አለ። ካሴቱ ይዞራል፣ ሰው ያስላል፣ ሩቅ ቦታ አህያ ይጮኻል። እኔን ይጠብቃሉ።

ያ ዝምታ ገደለኝ። አፌን ከፍቼ ልመልስ ስል በሩ በርግዶ ተከፈተ። የጎጃሟ ናት፤ ሻሿ ወልቆ፣ ደረቷን እየደቃች «ወንድሜን! ወንድሜን!» እያለች ገባች። በግድግዳው በኩል ሙሾ ሰምታ፣ አልቃሽ መጥታ ባሌን የምታስለቅስልኝ መስሏት ነው። ሙሾ ካሴት ውስጥ ይገባል ብላ በየት ታስበው? ተከትለዋት የወታደር ሚስቶች ሁሉ ግር ብለው ገቡ። አንዷ መሬት ላይ ወደቀች፤ ሌላዋ ገና ከመግባቷ የባሌን ደግነት መዘርዘር ጀመረች። ብድር ሰጥቷት የማያውቀውን ሰው ቸር አደረገችው።

«ኧረ አልሞተም! ደኅና ነው! ካሴት ነው!» እያልሁ ብጮህ ማን ይስማኝ? ልቧ ተሰብሮ ነው ብለው ያዙኝ፣ ውኃ ረጩብኝ። በመጨረሻ ቴፑን ከብርድ ልብሱ አውጥቼ ሳሳያቸው ፀጥ አሉ። ከዚያ መጣብኝ። «ሟርተኛ!» አለች የወደቀችው ሴት አቧራዋን እያራገፈች። «በቁሙ ልትቀብሪው ነው?»  የጎጃሟ ግን አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጣ ለባሏ የምትቀዳበትን ቴፕ አጥብቃ አቅፋ ነበር። የደነገጠችው ለእኔ ባል ብቻ እንዳልሆነ ገባኝ።

ካሴቱን ሣጥን ውስጥ ቆለፍሁበት። ከዚያ ሳምንት ጀምሮ ሳል ያዘኝ። የጎዳይፍ አቧራ ነው ብላችሁ አትንገሩኝ፤ አቧራው ቀድሞም ነበረ።

አደይ የዚያን ዕለት ሌሎቹ ሲጮኹብኝ በራቸው ላይ ቆመው ነበር። ሳሌ እያደር ሲብስ አንድ ቀን ቧንቧው ጋ ጠሩኝና «ጓለይ፣ ያ ካሴት ምንድን ነው ያለው?» አሉኝ። ጓለይ ማለት ልጄ ሆይ ማለታቸው ነው። ሁሉንም ነገርኋቸው፤ እናቴን፣ ጥሪውን፣ የተተወልኝን ዝምታ። ሲሰሙኝ ቆይተው «እኛም እንዲሁ ነው። መልቀስ እንለዋለን» አሉ። «ታድያ አልመለስሽም?»

«የት ሆኜ ልመልስ፣ አደይ?»

«እወ፣ እውነትሽን ነው» አሉና ባልዲያቸውን አንሥተው ሄዱ። ነገሩ እዚያው የቀረ መሰለኝ።

ጥቂት ቆይቶ የአደይ አክስት አረፉ። አልጋ ላይ የቆዩ ትልቅ ሰው ነበሩ። ለቅሶው እዚያው ጎዳይፍ፣ በእኛ መንገድ ላይ ሆነ፤ ድንኳን ተተከለ፣ አግዳሚ ወንበር ተደረደረ። እኔና የጎጃሟ ልንደርስ ስንሄድ አደይ ከመቀመጫቸው ተነሥተው እጄን ያዙኝ።

«አምጪያት» አሉኝ።

«ማንን?»

«እናትሽን ነዋ። አምጪያት፣ ከአክስቴ ጋራ ትለቀስ። እዚህ ሐዘን አለ፤ ማን ሞተ ብሎ የሚጠይቅሽ የለም።»

ቆሜ ቀረሁ። የጎጃሟ ናት የጎተተችኝ። ካሴቱን ከሣጥን፣ ቴፑን ከቤቷ ይዘን ስንመለስ በመንገድ ላይ «ስሚኝ፤ ያ የነገርሽኝ ዝም የሚሉበት ቦታ ሲደርስ አጠፋውና ቀዩን እጫናለሁ። አንቺ መልሽ፤ ድምፅሽ እዚያው ክፍት ቦታው ላይ ይገባል። እኔ ለባሌ የምልከው እንዲህ ነው» አለችኝ። እንዲህ ያለ ሐሳብ ለእኔ በሕልሜም አይመጣልኝም።

ሁለት የወታደር ሚስቶች ቴፕ ታቅፈው ድንኳን ሲገቡ ሰዉ ምን እንዳለ መገመት አያቅትም። ጫፍ ላይ ያሉት ሴቶች ተንሾካሾኩ፤ አንዷም ፊቷን አዞረችብን። አደይ በትግርኛ ተናገሩ። ከንግግራቸው የያዝሁት፣ የዚህች ልጅ እናት መልቀስ ታወርድ ነበር የሚለውን ነው። መሐል ላይ ቆማ የነበረችው የእነሱ አልቃሽ ይህን ስትሰማ ወደ እኔ መጣች። አየችኝ። ከዚያ ቦታዋን ለቅቃ ቴፑ የሚቀመጥበትን ወንበር በራሷ እጅ አመጣች። እናቴ ያን አይታ ቢሆን ለሳምንት ታወራው ነበር።

ሙሾው ተከፈተ። በድንኳኑ ውስጥ አማርኛ የማያውቅ ጥቂት ነው፤ የማያውቁትም ዜማውን ያውቁታል። አባቴ ሲጠራ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ወንድሜ ሲመልስ የጎዳይፍ ሴቶች «ኣየ፣ ኣየ» አሉለት። ከዚያ የእኔ ጥሪ መጣ፤ አስመራ ያለሽው። ሴቶቹ ሁሉ ወደ እኔ ዞሩ። የጎጃሟ አጠፋችና ቀዩን ተጫነች። በዚያችው ቅጽበት ከአውሮፕላን ማረፊያው አንዱ አውሮፕላን ተነሥቶ በላያችን አለፈ፤ ድንኳኑ ተንቀጠቀጠ። ድምፁ እስኪርቅ ቆሜ ጠበቅሁ። ፈርቼ ነበር። ከዚያ እናቴ እንደምትቆመው እግሬን ከፈት አድርጌ፣ ነጠላዬን አዘቅዝቄ ቆምሁ፦

እግሬ ባይደርስልሽ፣ መንገዱ ታጥሮ፣
ድምፄ መጣ እምዬ፣ በክር ላይ ታስሮ።

ቀጥሎ ምን እንዳልሁ አላውቅም። አለቀስሁ። ከዚያ ሁሉ ወር በኋላ፣ እናቴን የማያውቁ ሴቶች ደግፈውኝ፣ ከሆዴ አለቀስሁ።

ድምፄ ሲደክም ሌላ ድምፅ ተነሣ። አደይ ናቸው። አክስታቸውን ሲያለቅሱ እንባቸው የወግ ነበር፤ ይኼኛው ሌላ ነው። በትግርኛ ጥቂት ስንኝ ነበረች። በሩን ሳትዘጋ የወጣኸው፣ እስካሁን ክፍት ነው፣ ብርዱ ገባብኝ የምትል ናት። መጨረሻዋ ላይ የልጃቸውን የቤት ስም ጠሩ፤ እዚህ አልጽፈውም። አልሞተም ይሆናል፤ ሞቶም ይሆናል፤ እንደ ሙት እንዳያለቅሱት መሞቱን አያውቁም፣ እንደ ሕያው እንዳይጠሩት አይፈቀድላቸውም። ሲጠሩት ድንኳኑ ጭጭ አለ። «አቤት» ማለት የሚችሉ እኩዮቹ አብረውት ሄደዋል። የቀሩት መሬት መሬት አዩ። ከዚያ አልቃሿ ቶሎ ብላ ነገሩን ወደ አክስትየው መለሰችው።

ቤት ገብተን ካሴቱን ወደ ኋላ ስናጠነጥን ነው ጉዱን ያየነው። የጎጃሟ ከእኔ ጋር ስታለቅስ ቀዩን ቁልፍ ማጥፋት ረስታ፣ የአደይም ጥሪ ተቀድቷል። ከስሩ የነበረው የአጎቶቼ ተራ ጠፍቷል፤ እነሱስ ግድ የለም፣ በሕይወት እያሉም ተራቸውን የሚጠብቁ ሰዎች አልነበሩም። የአደይ ግን አስደነገጠን። በዚያ ዘመን ያ ስም በካሴት ላይ ተገኝቶ ቢሆን ማንን ምን እንደሚያደርግ ለመገመት ብልህ መሆን አያስፈልግም። ቴፑን ይዤ ሄጄ አሰማኋቸው። «ላጥፋው፣ አደይ?» አልኋቸው።

የገዛ ድምፃቸውን ሲሰሙ እጃቸውን አገጫቸው ላይ አድርገው ቆዩ። «የት ነው የምትልኪው?»

«ለእናቴ ሙት ዓመት፣ ወረኢሉ።»

«እዚያ ሰው አለ?»

«ብዙ ሰው አለ።»

«ኣይፋልን፣ አታጥፊው» አሉ። «ይሂድ።»

ሄደ፤ በዚያው ሹፌር። ሳሌም እንደ መጣ ሄደ። ባለቤቴም በዚያው ክረምት ለፈቃድ መጣ፤ ከስቷል እንጂ ደኅና ነበር። ሟርተኛ ያለችኝን ሴት ሄዶ ሰላም እንዲላት አደረግሁ።

ከሙት ዓመቱ በኋላ ወንድሜ ሁለተኛ ካሴት ላከ። የእኔን በአንድ ቴፕ ሲያሰማ በሌላው የለቀስተኛውን ድምፅ ቀድቷል፤ አሁን ጋቢ ውስጥ መደበቅም ትቷል። ይኼን ብቻዬን አልሰማም ብዬ አደይ ቤት ይዤው ገባሁ። የጎጃሟ ግቢው በር ላይ ቆማ ላይ ታች ትላለች። ድምፁን ሰምቶ ለሚመጣ ሁሉ «ምንም የለም፣ ማንም አልሞተም፣ ቴፕ ነው!» ትላለች። ያቺ የመጀመሪያዋ ቀን ትምህርት ሆናታለች።

መጀመሪያ የተሰማው የአውሮፕላኑ ድምፅ ነው። አንዲት የወረኢሉ ሴት «ባሕሩ ነው! ስሙት ባሕሩን!» አለች፤ ሁሉም ተደነቁ። ባሕሩ ነው ብለው እንዲኖሩ ትቻቸዋለሁ፤ እስከ ዛሬም አላረምኋቸውም። ከዚያ የእኔ ግጥም። ተፎካካሪዋ «መጣች! ለእናትዋ መጣች!» ብላ ጮኸች፤ ለቅሶው ቀለጠ። እኔና አደይ እጅ ለእጅ ተያይዘን ሰማን።

ቀጥሎ የአደይ ድምፅ መጣ፤ ወረኢሉ ውስጥ በትግርኛ። ሲጨርሱ ዝም ተባለ። አንዱ ሰው በቀስታ «ምን አለች?» ብሎ ጠየቀ።

«ምን እንዳለች ምን ያደርግልሃል?» አለች አውራጇ ተቆጥታ። «ጠርታለች እኮ! የማን ልጅ ነው ዝም የሚላት?»

ወንበር ተንቀሳቀሰ። ወንድሜ ነው፤ ድምፁን ለየሁት። ከቴፑ ራቅ ብሎ፣ መሐል ገብቶ ነው መሰለኝ፣ «አቤት፣ እናቴ!» አለ። ጎረምሶቹ ተከተሉት። «አቤት! አቤት!»

ያ ልጅ ይመለስ አይመለስ ሳላውቅ ነው አስመራን የለቀቅሁት፤ አሁንም ያንገበግበኛል። ስለዚያች ቀን ግን የማውቀው አለኝ። ላስተረጉምላቸው ስል አደይ በእጃቸው ከለከሉኝ፤ ገብቷቸዋል። መዳፋቸውን ቴፑ ላይ አድርገው ካሴቱ እስኪያልቅ ተቀመጡ። ከዚያ «ወደ ኋላ መልሽው፣ ጓለይ» አሉኝ። መለስሁት። እንደገና አሉኝ፣ እንደገና መለስሁት፤ ባትሪው እስኪደክም ድረስ ስንመልሰው ዋልን።